ኖራ የተቀባው ጫካ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጫማችሁን እዚያው በሩ ላይ አውልቁና መደቡ ላይ ውጡ፤ ቦታ ሞልቷል። አንተ ረጅሙ፣ ደጃፉ ላይ አትቁምብን፣ ብርሃኑን ጋረድከው። አንቺም ልጄ፣ ትራሱን ከጀርባሽ አድርጊ፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ቆይ፣ ከመደገፍሽ በፊት በመዳፍሽ ዳሰስ አድርጊውና እጅሽን እይው። ነጭ ሆነ አይደል? ኖራ ነው። የምነግራችሁ ስለሱ ነውና ገና አትጥረጊው።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ቁርኣን ቤት ተቀምጫለሁ፣ አስኳላም ጥቂት ሞክሬያለሁ፤ የቀረውን ዕድሜዬን የፈጀሁት ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ስሸጥ ነው። እርድና ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ከማስነጠስ ሌላ የሚያስተምሩት ነገር የለም። ስለዚህ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ።

ከሱቄ አጠገብ ኖራ፣ ቀለምና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሐጂ ዑበይድ የሚባል ሰው አለ። ክፉ ሰው ነው አልላችሁም። ክፋት ትንሽ ዝም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል፤ የዑበይድ አፍ ደግሞ ለሐሳብ ቦታ ለቆ አያውቅም። ዒድ ሲደርስ ወይም ሠርግ ሲመጣ የጀጎል ሰው ቤቱን ሊያስለቀልቅ ኖራ ፍለጋ ወደሱ ይመጣል። ዑበይድም ኖራውን ከመስፈሩ በፊት የዘር ሐረጉን ይሰፍርለታል።

«ይቺን ከተማ ያነጣናት እኛ ነን» ይላል። «ቅድመ አያቴ ኖራ ሲያቃጥል ጭሱ ከፈላና በር ይታይ ነበር። ከኛ ኖራ ያልቀመሰ የድሮ ግድግዳ በጀጎል ውስጥ ካለ አሳዩኝ፣ በምላሴ እልሰዋለሁ።»

ይህን ስሰማ ነው የኖርኩት። ጆሮዬ ከመልመዱ የተነሣ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ እንኳ አያስደነግጠኝም ነበር። ያ ሁሉ ጭስ የወጣው ምን ነድዶ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን በጊደር መጋላ አልተገኘም። እኛ የከተማ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ነጩን ግድግዳ እናያለን፣ ማሻ አላህ እንላለን፣ እናልፋለን።

አሁን በሐሳባችሁ ከጀጎል ግንብ በፈላና በር ውጡልኝ። ባጃጁ «ከዚህ በላይ አልሄድም» ብሎ ካወረዳችሁ በኋላ ዳገቱን በእግራችሁ ስትወጡ፣ ኮረብታው ላይ የአው ዛሂድ ጫካ አለ። በመካከሉ ስሙን የሰጠው የደጉ ሰው መቃብር፣ በዙሪያው ዋርካ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ከነሱ ሥር ቡና። ከታች በኩል በበጋ የማትደርቅ ምንጭ አለች። በጫካው ጥግ ደግሞ አዴ ዘምዘም ትኖራለች፤ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ የኔው እኩያ። አዴ የምንላት እናትነቷን አክብረን ነው።

ያንን ጫካ ከባሏ አያቶች ጀምሮ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ፍየል አያስገቡበትም። የደረቀውን ይቆርጣሉ፣ ቡናው እንዲተነፍስ ቅርንጫፍ ይመለምላሉ፣ በቆረጡበት ይተክላሉ። ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር አንድ ችግኝ ይተከላል፤ ዛፉም በልጁ ስም ይጠራል። ዘምዘም ዛፎቿን እንደ ጎረቤት ነው የምታወራቸው። አንድ ጊዜ «ነስሮ ዘንድሮ ታሞብኛል፣ አልለቀቀውም» ስትለኝ ልጇ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁለት። ለካ ዋንዛው ነው። ዱዓው ግን አልባከነም፤ በክረምቱ አቆጥቁጧል።

ዑበይድ ይህን ጫካ የተመኘው እንግዳ ሊያሳይ የወጣ ዕለት ነው። ዘምዘም ደጃፍ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል አያትና «እዚህ ጋ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ጁስ…» አለ። አላህ ያንን የሚያህል ዋርካ ዘርግቶለት እሱ ጃንጥላ አማረው።

በዚያው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ድንግል ደኖችን እየመዘገበ ሊያጥር ነው ተባለ። የሰው እጅ ያልነካው ጫካ ከተገኘ በውስጡ ያለው ነዋሪ ይነሣል፣ ጫካው ይታጠራል፣ ደጃፉ ላይ ለጎብኚ ማረፊያ የሚሠራ አንድ ሰው ፈቃድ ያገኛል። ዑበይድ ይህን እንደሰማ ወደ ሰሌዳ ጸሐፊ ሮጠ። ገና ማንም ምንም ሳይፈቅድለት! በትልልቁ፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ «የአው ዛሂድ ድንግል ደን፤ የሰው እጅ ያልነካው» ብሎ አጻፈና ሱቁ ውስጥ አቆመው።

ለዘምዘም እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ጫካው ድንግል ነው ከተባለ ቤቷን፣ ቡናዋን፣ የባሏን መቃብርና በስም የምትጠራቸውን ዛፎች ትታ መውረድ ነው። ሌላ የምትሄድበት መሬት የላትም።

አንድ ቅዳሜ ጤናዳምና በሶብላ ይዛልኝ መጥታ ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብላ ሳለ፣ ዑበይድ ስልኩን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ መጣ።

«ኢስሓቅ! እየው ይሄን ጉድ!» አለኝ። ፎቶው ላይ ዘምዘም ገጀራ ይዛ የዋንዛ ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ይታያል። «ይቺ ናት ጫካ ጨራሿ! አባቶቻችን አንዲት ቅጠል ያልቀጠፉበትን ጫካ!»

«እዚሁ ነኝ ሐጂ» አለች ዘምዘም ከታች። «ፎቶዬን በገበያው ከምታዞር እኔን ብታዞረኝ እግሬን ትገላግለኝ ነበር።»

ዑበይድ ደነገጠ፤ አፉ ግን አልደነገጠም።

«አዴ፣ ለአንቺም ብዬ እኮ ነው። ከተማ ውስጥ ቤት ይሰጥሻል። መብራት አለው፣ ውሃ አለው…»

«ውሃ? የእናንተ ውሃ በየስንት ጨረቃ ነው የሚመጣው?»

ገበያተኛው ሳቀ። ቤታችን ውስጥ በርሜልና ጀሪካን የተደረደረብን እኛ ሁላችን ሳቅን።

«እሺ፣ ቅርንጫፉን ለምን ቆረጥሽው ታዲያ?» አለ ዑበይድ፣ ስልኩን ወደ ፊቷ እያስጠጋ።

«አንተስ ጢምህን ትከረክመው የለም እንዴ? አገጭህን ጨረስከው?»

«በዚህ ቀልድ አያዋጣም! ሳይንስ ይፈርዳል!» አለ። «የእህቴ ልጅ ዶክተር ናዝራ መጥታለች። አፈሩን ቆፍራ ትናገራለች። ደግሞ የገዛ ሥጋዬ ናት፤ ምን እንደምትናገር አውቃለሁ።»

ዘምዘም የያዘችውን በሶብላ እግሬ ሥር አስቀመጠችና ተነሣች። ስትሄድ እንደወትሮዋ አልተሰናበተችኝም።

ናዝራን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ። አላህ ይማራትና የጃሚላ ልጅ ናት፤ እዚሁ ጀጎል ተወልዳ፣ ባሕር ማዶ ተምራ፣ አሁን አዲስ አበባ የምታስተምር አርኪዮሎጂስት ናት። ሰላም ልትለኝ ሱቄ ስትመጣ ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በሞቃት አገር ያሉ ደኖችን ነው የማጠናው አባባ ኢስሓቅ» አለችኝ። «የጥንት ሰዎች ጫካው ላይ ምን አደረጉበት፣ ምንስ አደረጉለት ብዬ አፈሩን እጠይቃለሁ።»

«ይመልስልሻል?»

«ቀስ ብሎ። ከአጎቴ ያነሰ ነው የሚያወራው።»

በዚያች መልሷ ወደድኳት። ግን ይህን ያህል የምትቀልድ ልጅ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ መቆፈር ስትጀምር አፏ ተዘጋ። ዑበይድ በየዕለቱ እየወጣ «እህ፣ ድንግል ነው አይደል?» ይላታል። «እየቆፈርኩ ነው» ትለዋለች። እሱም ወርዶ ለገበያው «ድንግል ነው ብላለች!» ይላል። ከዳገቱ ወርዶ እስኪደርስ ድረስ መልሷ እንዲህ እያደገለት ይመጣል።

ዘምዘም ጨነቃት። «አንተ ከሕፃንነቷ ታውቃታለህ፣ ውጣና ምን ልትል እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። «ዑበይድ ቢሆን ዋሸ ብዬ እተኛለሁ። ይቺ ግን ዋሽታ አታውቅም ይላሉ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ጉልበቴን እያሻሸሁ ወጣሁ። ናዝራ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ካራ በመሰለ መሣሪያና በብሩሽ አፈር ታስውባለች። በእውነት ነው፤ እናቷ ቤቷን በዚያ ያህል ጥንቃቄ ጠርጋ አታውቅም። ጉድጓዱ አራት ማዕዘን ነው። ግድግዳው በቀለም በቀለም የተደራረበ፣ የሙሽራ ሻንጣ ተከፍቶ ልብሱ ከጎን ሲታይ ይመስላል። ከሥሩ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ ነገር፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። ነጩን ዓለት መስሎኝ አለፍኩት። ዕድሜ ልኬን ከኖራ ሱቅ አጠገብ የኖርኩ ሰው!

«ልጄ፣ ምን ልትዪ ነው?» አልኳት።

«አባባ፣ ሳልጨርስ ብናገር ከአጎቴ በምን ተሻልኩ?»

«ሴትዮዋ እንቅልፍ አጥታለች።»

ናዝራ ብሩሿን አስቀመጠች። ወደ ዘምዘም ቤት አየች፣ ከዚያ ወደ ነጩ ነገር አየች። «የጎደለኝ አንድ ነገር አለ» አለች። «ማን እንደሠራው አላወቅሁም። እሱን ሳላውቅ ግማሽ እውነት ተናግሬ መሄድ አልፈልግም።» ለዘምዘም ይዤላት የወረድኩት ይህንን ነው፤ ባልወረድኩላት ይሻል ነበር። ያን ዕለት እራት አልበላችም ብለው ነገሩኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚመጣበት ቀን ደረሰ።

እዚህ ላይ የኛን የሐረሮችን አመል ልንገራችሁ። እንግዳ ይመጣል ከተባልን እጃችን ሳናውቀው ወደ ኖራው ባልዲ ይሄዳል። ያልተለቀለቀ ቤት ውስጥ እንግዳ መቀበል ለኛ ፊትን ሳይታጠቡ እንደ መውጣት ነው። መልካም አመል ነው፤ ለቤት። ዑበይድ ግን አመሉን ይዞ ጫካ ገባ። በዋዜማው ሠራተኛ አሰማርቶ፣ ዋርካ የለ ዋንዛ የለ፣ ግንዱን ሁሉ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ኖራ አስቀባው! የረገፈውን ቅጠል አስጠረገ። የእግር መንገዱን ግራና ቀኝ ድንጋይ አስደርድሮ ድንጋዩንም አስቀባ። የሰው እጅ ያልነካውን ጫካ፣ የሰው እጅ ያልነካው እንዲመስል፣ አንድም ዛፍ ሳያስቀር አስነካው።

በማለዳ እኛን ሽማግሌዎቹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወሰደን። ሽበት ለፎቶ ያምራል ብሎ ነው። ዳገቱን ጨርሰን ቀና ስንል ዛፎቹ ነጭ ካልሲ ያጠለቁ የትምህርት ቤት ልጆች መስለው ተሰልፈዋል። አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብሎ «ሱብሓነላህ» አለ፤ ይህ ግን ከመደነቅ ይሁን ከመሸማቀቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ዘምዘም በሯ ላይ ቆማለች።

«ኧረ ሐጂ! ዛፎቹን ልትድራቸው ነው? ለሠርጉ ሳትጠራኝ!»

«ንጽሕና ነው አዴ፣ ንጽሕና!»

«ሂክማን ለማን ሰጠሃት?» አለች ወደ ትልቋ ዝግባ እያሳየች። «ጥሎሿን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ በርካሽ አልለቃትም!»

እየቀለደች ነው፤ ግን ነጠላዋን ጨብጣ ያዘችው።

ናዝራ ወደ ጉድጓዷ ስትሄድ አየኋት። ከአፋፉ ላይ ቆመች፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ዑበይድ በጉድጓዱ ዙሪያም ድንጋይ አስደርድሮ ቀብቶላታል፤ ኖራው ቁልቁል ተንጠባጥቦ ያንን በብሩሽ ስታስውበው የከረመችውን ግድግዳ ዥጉርጉር አድርጎታል።

«ጉድጓዴን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኛ ልጄ! ለእንግዳ እንዲያምርልሽ!»

ናዝራ አየችው፣ አየችውና ሳቋ አመለጣት። «ደግነቱ የሚያስፈልገኝን አውጥቼ ጨርሻለሁ» አለች። ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

አቶ ሙሉጌታ የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። የልጄ እኩያ ይሆናል፤ ለዳገት ያልተሰፋ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ዑበይድ ትንፋሹን እንዲሰበስብ እንኳ ጊዜ አልሰጠውም። ሰሌዳውን ከጎኑ አስደግፎ ንግግሩን ጀመረ።

«ክቡር አቶ ሙሉጌታ! ይህ ጫካ አላህ እንደፈጠረው ያለ ነው። የኛ አባቶች ጠብቀው አቆዩት። ዛሬ ግን አንዳንድ ሰዎች በገጀራ እየጨረሱት ነው። አጥር ያስፈልገዋል! የሰው እጅ ያልነካው…»

ሙሉጌታ ደክሞት ዋርካው ላይ ደገፍ ብሎ ይሰማል። ንግግሩ አላልቅ ሲል ቀና አለ። ጀርባው ሙሉ ነጭ ሆኗል፤ የዋርካው ቅርፊት ከነመስመሩ በጥቁሩ ሱፍ ላይ ታትሟል።

«እጅ ባይነካውም ጀርባ ነካው!» አለች ዘምዘም።

ሽማግሌዎቹ ሳቃችንን በጢማችን ውስጥ ደበቅን። ሙሉጌታ ኮቱን አውልቆ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኖራ ነው» አለ ዑበይድ።

«ኖራ! እዚሁ ጫካው ውስጥ በራሱ የበቀለ ነው?»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል፣ ወይም ይቅርታ ይላል። ዑበይድ ፊት ግን ኖራ የሚለውን ቃል አንሥቶ ዝም ማስባል የሚችል ፍጡር የለም። ደረቱን ነፋ።

«ይሄ ተራ ኖራ እንዳይመስልዎት! እኛ ከዘር ነው የወረስነው። ይቺን ከተማ ያነጣናት እኛ ነን። ቅድመ አያቴ ዐብዱልፈታሕ ኖራ ሲያቃጥል ጭሱ ከፈላና በር ይታይ ነበር!»

ናዝራ ከጉድጓዷ አፋፍ ላይ ቀና አለች።

«አጎቴ» አለች በቀስታ፣ «ከፈላና በር ሆነው ቀና ሲሉ የሚታየው የትኛው ኮረብታ ነው?»

«ይሄው ነዋ! የቆምንበት!» አለ፣ እግሩን መሬቱ ላይ እየመታ፣ በኩራት። «ሌላ ምን አለ?»

ሁላችንም ቁልቁል አየን። ፈላና በር ከሥራችን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሰውና አህያ ሲገባ ሲወጣ፣ የጀጎል ግንብ ከጀርባው፣ ከግንቡ ውስጥ ያ ሁሉ ነጭ ቤት። ልጆቼ፣ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ጭስ ያን ጊዜ ገና ዓይኔን አቃጠለኝ።

«የጎደለኝ ይሄ ነበር» አለች ናዝራ።

ወደ ጉድጓዱ ጠራችን። ዑበይድ የቀባቸውን ድንጋዮች በእግሯ ገፋ አድርጋ ገብታ ከታች ጀምራ በጣቷ አሳየችን። የመጨረሻው ጥቁር አፈር የጥንቱ ጫካ ነው፤ ጥድና ወይራ የሞላበት። በላዩ ያለው ነጭና በእሳት የቀላው ክብ ድንጋይ የኖራ ማቃጠያ ምድጃ ነው። በውስጡ ያገኘችውን ከሰል በማጉያ መነጽር አይታዋለች፤ ወፋፍራም የጥድ ግንድ፣ ወይራ፣ ጥድ፣ ጥድ። ድንጋይ ነድዶ ኖራ እስኪሆን ድረስ እሳቱ እንዳይጠፋ ስንት ዛፍ እንደሚገባበት ስትነግረን ማናችንም ቀና ብለን አላየናትም። እንዲህ ያለ ምድጃ በኮረብታው ላይ ሌላም ሌላም አግኝታለች። ከዚያ በላይ ያለው ጠጠር ኮረብታው መላጣ የሆነበት ዘመን ነው፤ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው።

«ምንጯስ?» አልኩ እኔ።

«እርግጠኛ አይደለሁም አባባ፤ ያኔ ሳትደርቅ የቀረች ግን አይመስለኝም።»

ከጠጠሩ በላይ ያለውን ጥቁር አፈር አሳየችን። በውስጡ የሸክላ ስባሪ፣ ከቤት እየተዛቀ የተበተነ አመድ፣ የቡና እንጨት ከሰል አለ። ሰዎች መላጣው ላይ ቤት ሠርተው፣ አመዳቸውንና ጥራጊያቸውን እየበተኑ፣ እየተከሉ አፈሩን መልሰው እንዳወፈሩት ነገረችን። ከዚያም ተነሥታ እጇን አራገፈች።

«አቶ ሙሉጌታ፣ ይህ ጫካ ድንግል አይደለም። አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሣ ጫካ ነው። የገደልነው እኛ ነን። ያስነሡት የአዴ ዘምዘም ቤተሰቦች ናቸው፤ በዚያው በገጀራቸውና በችግኛቸው።»

«እኛ? እኛ ማለት እነማን?» አለ ዑበይድ። ፊቱ ከዛፎቹ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይዟል።

«እርስዎና እኔ አጎቴ። ዐብዱልፈታሕ የእናቴም ቅድመ አያት ነው። ያደግሁበትን ነጭ ቤት የቀባው ይሄ ምድጃ ነው። አልክደውም።»

ዘምዘም ሂክማ ያለቻት ዝግባ ሥር ሄዳ ቁጭ አለች፤ ጀርባዋ ነጭ እንደሚሆን ረስታ ደገፍ አለች።

ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል ትላላችሁ። ዑበይድ ግን ነጋዴ ነው።

«ክቡር አቶ ሙሉጌታ» አለ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግማሽ ድንግል ብለን ብንመዘግበውስ?»

ሽማግሌዎቹ ሁላችን በአንድ አፍ አስተግፊሩላህ አልን፤ እየሳቅን። ሙሉጌታም ሊያስል ሞክሮ ሳቁ ቀደመው። የያዘውን ወረቀት ገልብጦ ገልብጦ አየ። «በመመሪያችን ድንግል ደን አለ፣ የተጎዳ ደን አለ» አለ። «ሰው ገድሎት ሌላ ሰው ያስነሣው የሚል የለንም።» ወደ ዘምዘም አየ፣ ወደ ሰሌዳው አየ፣ የነጣውን ኮቱን አየ። «እንግዲህ መመሪያው ስም እስኪያገኝለት ድረስ ጫካውም ሴትዮዋም እንዳሉ ይቆያሉ። አጥር አይኖርም።»

እስከ ዛሬ ስም አላገኙለትም። አላህ ፍለጋቸውን ያርዝምልን።

ክረምቱ ገብቶ ኖራውን ከዛፎቹ አጠበው። ዑበይድ አሁንም ሱቁ ውስጥ ነው፤ አሁንም ይቺን ከተማ ያነጣናት እኛ ነን ይላል፤ ጭሱን ግን ከወሬው ቀንሶታል። እዚያ ላይ ሲደርስ ያስለዋል። ሰሌዳውን በንዴት ጫካው ውስጥ ጥሎት ወርዶ ነበር፤ ዘምዘም አንሥታ ለዶሮ ቤቷ በር አደረገችው። ጠዋት ጠዋት «የሰው እጅ ያልነካው» የሚለውን በእጇ ትከፍታለች፣ ማታ ማታ ትዘጋለች።

ናዝራ ከመሄዷ በፊት ጉድጓዷን መልሳ ሞላችና የጥድ ችግኝ አምጥታ ከምድጃው አለፍ ብላ ተከለች። ዘምዘም ውሃ ይዛላት መጣች።

«ስሙን ማን እንበለው?»

«ዐብዱልፈታሕ» አለች ናዝራ።

ዘምዘም ትንሽ አሰበች፤ ውሃውንም አጠጣችው። «ይሁን» አለች። «እንደ አጎትሽ እንዳያወራብኝ እንጂ።»

እስካሁን ዝም ያለ ዛፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ደርሷል።

በይ ልጄ፣ አሁን እጅሽን ጥረጊ። እናንተም ስትወጡ በጀጎል ጎዳና ላይ ነጭ ግድግዳ ታያላችሁ፤ ያምራል፣ ማሻ አላህ በሉ፣ እኔም እላለሁ። ግን ጀርባችሁን ባስጠጋችሁበት ጊዜ፣ ለዚያ ንጣት የነደደውን ጥድ፣ ኋላም መላጣው ላይ አመዳቸውን እየበተኑ ዝም ብለው የተከሉትን ሰዎች ለአፍታ አስቡልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም፤ ይህችን ብቻ አትርሱብኝ።